አሮጌውን ፍሉት ሸጬ ሌላ ልግዛ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ዕቃ ዙሪያ ገጥመዋል፤ አሮጌ የእንጨት ፍሉት።

«በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባለ 8 ቁልፍ ፍሉት አለኝ። 15 ዓመት ነፍቼዋለሁ። አሁን ልቤ ሌላ ላይ አረፈ፤ ለመግዛት ግን ይሄኛውን መሸጥ አለብኝ። ምን ይመክሩኛል?»

አዲሱን ስንት ጊዜ ነፋኸው? አንድ ከሰዓት ብቻ ከሆነ ገና አታውቀውም። የመጀመሪያ ቀን የማያስደስት ፍሉት የለም። ከንፈር የሌላ ፍሉት አፍ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል። ዓይነታቸውም ይለያይ እንደሆነ እይ። ያንተ ዓይነቶቹ አሮጌዎች ውስጣቸው ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ጀርመናዊው ፍሉት ሠሪ ቴዎባልድ ቦም በ1847 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፍሉት ግን ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ የጣት አያያዙም ሌላ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስለዚህ ሻጩን የጥቂት ቀን ሙከራ ጠይቀው። አሮጌውን በዚያ ሰሞን ሳጥኑ ውስጥ ዝጋበት። እጅህ በየማታው ወደ ሳጥኑ ከሄደ አትሽጥ። ትዝ ካላለህ ግን ሽጠው፤ ለሚነፋው ሰው ይድረስ።

እኔ አንዴ ቸኩዬ ሸጫለሁ። ገዢው ሲገጣጥመው መገጣጠሚያው ላይ ራሴ የጠመጠምኩት ቀይ ክር ብቅ አለ። ሆዴ ባር ባር አለኝ። ገንዘቡን ግን ቆጥሬ ኪሴ ከትቼ ነበር።

«የራስጌው ክፍል ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። በሰም ደፍኜ ልሽጠው?»

ኧረ በፍጹም! የብዙዎቹ ራስጌ ውስጡ በብረት ቱቦ የተለበጠ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱ አይበገርም፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የተለመደ ነገር ስለሆነ አዋቂ ገዢ አይደነግጥም። ሰሙን ሲያገኝ ግን ሌላ ምን ደበቀኝ ይላል። በብርሃን አስጠግተሽ ፎቶ አንሺና አሳይው። የሠሪውን ማኅተም ደግሞ በአሸዋ ወረቀት እንዳትነኪው።

«ቀለበቶቹ የዝሆን ጥርስ ናቸው። ገዢዬ ያለው ሌላ አገር ነው።»

ፈቃድ ሳይያዝ አይላክ። የዝሆን ጥርስ ንግድ ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። የሁለቱንም አገር ሕግ አስቀድመህ አጣራ። እንጨቱ ግሬናዲላ የሚባለው ጥቁር የአፍሪካ እንጨት ከሆነ በእንጨቱ በኩል ቀለል ይላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የጠበቀው ደንብ በ2019 እ.ኤ.አ. ላለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ላልቷል።

«ገዢው ከፒያኖ ጋር አይስማማም ብሎ መለሰልኝ። ተበላሽቶ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል፣ አባቴ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ከተሠሩት ብዙዎቹ «ላ» የምትባለው ድምፅ 452 ኸርዝ (በሰከንድ 452 ንዝረት) አካባቢ እንድትሆን የተቃኙ ናቸው። ዛሬ ፒያኖ የሚቃኝበት ዝቅ ያለው 440 ኸርዝ ለንደን ላይ የተስማሙበት በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። ራስጌውን ትንሽ ሳብ ቢያደርጉት ይወርዳል፤ ብዙ ከሳቡት ግን ድምፆቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ለቀጣዩ ገዢ ቅኝቱን ለክተው ይንገሩት።

«ሸጥኩት፣ ቆጨኝ። መልስልኝ ብዬ ልለምነው?»

አንዴ ጠይቂው። እንቢ ካለ አትጨቅጭቂው፤ የሚሸጥበት ቀን ከመጣ ቀድሞ ላንቺ እንዲደውል ብቻ ቃል አስገቢው።