ሚኒ ስፕሊትን ከሆም አሲስታንት ጋር ስለማገናኘት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ሲያትል አካባቢ እንደምትኖሪ ነግረሽናል። ቤትሽን የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው ሚኒ ስፕሊት የሚባለው ሂት ፓምፕ ነው፤ ከቤትሽ ውጭ አንድ የሚትሱቢሺ ዩኒት አለ፤ ውስጥ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ሦስት ዩኒቶች። የቤት ዕቃዎችን የሚቆጣጠረውን ሶፍትዌር፣ ሆም አሲስታንትን፣ ራዝቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭነሻል። እናትሽ አብረውሽ ይኖራሉ፤ እሳቸው ከሪሞት ውጭ ምንም አይነኩም። ጥያቄሽ ደግሞ የኢንፍራሬድ ማስተላለፊያ (እንደ ሪሞት ምልክት የሚልክ) ልግዛ፣ የአምራቹን ዋይፋይ ላስገጥም ወይስ ሌላ መንገድ አለ የሚል ነው። እኔም እዚሁ አካባቢ ነኝ፤ የምጠቀመውም ተመሳሳይ ማሽን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ምን ልግዛ ከማለትሽ በፊት ግን ማሽኑን እንወቀው። ኢንቨርተር ነው። እንደ ድሮ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ ምድጃ) በሙሉ ኃይል ነድዶ አይጠፋም። ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ቤቱ ያጣውን ሙቀት ያህል ብቻ ይተካል። ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው ቀስ ብሎ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው። በየሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ አውቶሜሽን (በራሱ የሚሄድ ትእዛዝ) ከሠራሽ ቤቱም አይመችም፣ ቢሉም ይጨምራል። ለፈርነስ የተሠራ ባለ 24 ቮልት ስማርት ቴርሞስታት በአዳፕተር ማገናኘትን የማልመክረውም ለዚህ ነው። ማሽኑ ራሱን የሚመጥንበትን ችሎታ ይቀንስበታል። አውቶሜሽኑ ለማሽኑ ሊያደርግለት የሚገባው ትልቁ ነገር ትክክለኛውን የክፍል ሙቀት መንገር ነው። አብራ አጥፋ ማለቱ ብዙም አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ። ኢንፍራሬድ ርካሽ ነው፣ ከየትኛውም ብራንድ ጋር ይሠራል፣ ማሽኑን መክፈት አያስፈልገውም። ተከራይ ብትሆኚ ይበቃሽ ነበር። ችግሩ መልእክቱ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ መሆኑ ነው፤ ማሽኑ መልስ አይሰጥም። እናትሽ ሪሞቱን አንስተው 74 ዲግሪ ፋራናይት ቢያደርጉት ሆም አሲስታንት አሁንም 68 ነው ብሎ ያስባል። ከዚያ የእሱ ተራ ሲደርስ የእሳቸውን ምርጫ ሽሮ የራሱን ያስገባል። የኢንፍራሬድ ትእዛዝ ሙቀቱን፣ የአየሩን ፍጥነት፣ ማሞቅ ማቀዝቀዙን ሁሉ በአንዴ ነው የሚልከው። እናትሽ በገዛ ቤታቸው ከማሽን ጋር ሲታገሉ ማየት አትፈልጊም።

የአምራቹ ዋይፋይ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ትእዛዙ ከቤትሽ ወጥቶ በኢንተርኔት ዞሮ ነው የሚመለሰው። ኢንተርኔት ከሄደ አውቶሜሽኑም አብሮ ይሄዳል። አንድ አምራች አፑን ወይም ሰርቨሩን ሲቀይር ደግሞ ከሆም አሲስታንት ጋር የነበረው ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል። ስልክ ላይ በአፕ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ጥሩ ነው። አንቺ ግን ከዚያ በላይ ነው የፈለግሽው።

እኔ የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው። ብዙዎቹ የሚትሱቢሺ የውስጥ ዩኒቶች ቦርዳቸው ላይ ሲኤን105 የሚባል ባለ አምስት ፒን ሶኬት አላቸው። የአምራቹ ዋይፋይም የሚሰካው እዚያው ነው። እዚያ ላይ ኢኤስፒ32 የምትባለውን ዋይፋይ ያላት ትንሽ ቦርድ ትሰኪያለሽ፣ ኢኤስፒሆም የሚባለውን ሶፍትዌር ትጭኚባታለሽ፣ አለቀ። ኃይሏን የምታገኘው ከሶኬቱ 5 ቮልት ነው። ኢኤስፒሆም ላይ የምታስገቢው የንግግሩ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ 2400 ቦድ ነው፣ ፓሪቲው (የስህተት መቆጣጠሪያው) ኢቨን። እናትሽ በሪሞት የቀየሩትን ሆም አሲስታንት ወዲያው ያየዋል። ኢንተርኔት ቢጠፋም የቤትሽ ዋይፋይ እስካለ ድረስ ይሠራል። ራዝቤሪ ፓዩ ቢሞት እንኳ ሪሞቱ እንደ ወትሮው ነው፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ጥንቃቄውን በደንብ ያዢው። የውስጦቹ ዩኒቶች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከውጩ ስለሆነ ሽፋኑን ከመክፈትሽ በፊት ብሬከሩን አጥፊና ጥቂት ደቂቃ ቆዪ። የመጀመሪያው ፒን 12 ቮልት ነው፤ ወደ ኢኤስፒ32 አይገናኝም። ቦርዷ ማሽኑ ላይ ተሰክታ እያለች በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አታገናኚያት። ሶፍትዌሩን አስቀድመሽ ጠረጴዛ ላይ ጫኚ፤ ከዚያ በኋላ ማሻሻያው በዋይፋይ ይሄዳል። ዋስትናሽ ገና ካላለቀ የገጠመልሽን ባለሙያ ጠይቂ። ቦርድ መንካት የሚያስፈራሽ ከሆነም ኤሌክትሪሽያን ይሥራልሽ፤ አጭር ሥራ ነው።

የሙቀት ሴንሰሩ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነውና። የውስጡ ዩኒት የተሰቀለው ጣሪያ ሥር ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ማሽኑ ክፍሉ ሞቋል ብሎ ሥራውን ይቀንሳል። ሶፋው ላይ የተቀመጡት እናትሽ ግን እግራቸው እየበረዳቸው ነው። በሲኤን105 በኩል ትክክለኛውን የክፍል ሙቀት ከሌላ ሴንሰር መላክ ይቻላል። ዚግቢ በሚባል ገመድ አልባ መንገድ የሚሠራ ትንሽ ሴንሰር ሰው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ አድርጊ። ከመስኮት፣ ከፀሐይና ቡና ከሚፈላበት ቦታ ይራቅ። አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፦ የሴንሰሩ ባትሪ ቢያልቅ ማሽኑ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ያለማቋረጥ እንዳያሞቅ ኢኤስፒሆም ላይ የጊዜ ገደብ አስገቢ። መረጃው ሲቋረጥ ወደ ራሱ ሴንሰር ይመለሳል።

ሦስቱም የውስጥ ዩኒቶች አንድ የውጭ ዩኒት ስለሚጋሩ አንዱ እያሞቀ ሌላው ማቀዝቀዝ አይችልም። አንዱ ክፍል ማሞቅ፣ ሌላው ማቀዝቀዝ ቢጠይቅ አንደኛው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንቺ ደግሞ ተበላሸ ብለሽ ባለሙያ ትጠሪያለሽ። አውቶ የሚለውን ሞድ ተዪው። ሆም አሲስታንት ላይ ለመላው ቤት አንድ መምረጫ ሥሪ፤ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ፤ ሦስቱም እሱን ይከተሉ።

እዚህ ብዙ ቤቶች ድሮ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ቤዝቦርድ (ግድግዳ ሥር የሚገጠም ማሞቂያ) አላቸው። አንቺም ካለሽ ቴርሞስታቱን ከሂት ፓምፑ በብዙ ዲግሪ ዝቅ አድርጊው፣ ለምሳሌ 60 ላይ። ለተመሳሳይ ሙቀት ቤዝቦርዱ ከሂት ፓምፑ ሁለትና ሦስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሳታስቢው ሁለቱ አብረው ቢሠሩ ቁጠባው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

አውቶሜሽኖቹ ጥቂት ይሁኑ። ማታ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ቢል ይበቃል። በብርድ ወቅት የውጩ ዩኒት በረዶውን ሲያቀልጥ የውስጡ አየር ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ያን እንደ ብልሽት ቆጥሮ አጥፍቶ የሚያበራ ነገር አታስገቢ። ሙቀት ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አድርጊ። ጁን 28 ቀን 2021 ሲያትል 108 ዲግሪ የገባችበትን ቀን እዚህ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። የእናትሽ ክፍል 80 ካለፈ ስልክሽ ይጩህ፣ ሥራ ላይ ብትሆኚም ደውለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ።

ሌላ ብራንድ ላላችሁ ባጭሩ፦ ብዙ የዳይኪን ዩኒቶች ኤስ21 የሚባል ሶኬት አላቸው። የግሪ ዋይፋይ ያላቸው ማሽኖች ከሆም አሲስታንት ጋር በቤት ውስጥ ኔትወርክ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ሚዲያ የተባለው ኩባንያ የሚያመርታቸው ብዙዎቹም እንደዚሁ።

ሦስቱንም በአንዴ አትጀምሪ። በሳሎኑ ጀምሪ፣ ጥቂት ሳምንት እዪው። ኬብሉን ከማዘዝሽ በፊት ግን የውስጡን ዩኒት የሞዴል ቁጥር እዚህ ጻፊልን፤ ሶኬቱ እንዳለውና በየት በኩል እንደሚገኝ አብረን እናያለን።