የጭዱ ስኳር የት ይገባል?

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ አካባቢ 3 የወተት ላሞች አሉኝ። የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እሰጣቸዋለሁ። ሰሞኑን አንድ ነጋዴ «ይህ ዱቄት ኢንዛይም ነው፤ ጭዱን ስኳር ያደርገዋል፤ ወተቱ ይጨምራል» አለኝ። ዋጋው አስፈራኝ። ልጄ ደግሞ «ላሟ የራሷ አላት» ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ልጅዎን ይመኑ። ትንሽ ብቻ ላርመው፤ ኢንዛይሙ፣ ማለትም ጭዱን የሚሰባብረው ንጥረ ነገር፣ የላሟ አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ የሚኖሩት የባክቴሪያዎቹ ነው።

ለፋሲካ ቅርጫ ስንገባ እኔ ሁልጊዜ ጨጓራው የሚቀደድበት ጋ ነው የምቆመው። ፈርሱ ይሞቃል፣ እንፋሎት ይወጣዋል፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። እዚያ ውስጥ ያለ አንድ የጭድ ስባሪ ዙሪያው በባክቴሪያ የተሸፈነ ነው። በአንዲት ጠብታ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ።

ጭድ እኮ ስኳር ነው። ሴሉሎስ የሚባለው ክሩ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። የጤፉ ፍሬ ውስጥ ያለው ስታርችም ያው ግሉኮስ ነው። ልዩነቱ አያያዛቸው ላይ ነው። የስታርቹን ቋጠሮ የእኛም ምራቅ ይፈታዋል። የሴሉሎሱን ግን እኛም ላሟም አንችለውም። ፊብሮባክተርና ሩሚኖኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ጭዱ ላይ ተጣብቀው ይፈቱታል። አንዱ ኢንዛይም ሰንሰለቱን መሃል ለመሃል ይቆርጣል። ሌላው ከጫፍ እየያዘ ሁለት ሁለት ግሉኮስ ይነቅላል። ሦስተኛው ጥንዶቹን ይለያያል። ኢንዛይሞቻቸውን በአንድ ክር ላይ እንደ ዶቃ ሰክተው የሚይዙም አሉ።

ስኳሩ ታዲያ ለላሟ አይደርሳትም። ባክቴሪያዎቹ እዚያው ይበሉታል። እሷ የምትኖረው እነሱ በሚተዉት አሲድ ነው። አንደኛው ሰላጣ ላይ የምናደርገው የአቼቶ አሲድ ነው፤ ከወተቱ ቅቤ ግማሽ ያህሉ የሚሠራው በዋናነት ከሱ ነው። ሌላውን፣ ፕሮፒዮኒክ የሚባለውን፣ ጉበቷ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። የወተቱ ጣፋጭነት ከዚያ ይመጣል። በመጨረሻም ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ትፈጫቸዋለች፤ አብዛኛው ፕሮቲኗ ከነሱ ነው።

ዱቄቱን በተመለከተ፣ እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞች ተሞክረዋል፤ አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ምንም ለውጥ አያመጡም። እኔ ብሆን አልገዛም። ገንዘቡን ጭዱን በዩሪያ ለማከም አውለው ነበር። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ይሟሟል። 100 ኪሎ ጭድ ላይ እኩል ይረጫል። ከዚያ ተጠቅጥቆ አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ይሸፈንና 21 ቀን ይቆያል። ሲከፍቱት አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ይወጣል፤ አሞኒያ ነው። ጭዱን ያለሰለሰው እሱ ነው፤ ለባክቴሪያዎቹም ናይትሮጅን ይሆናቸዋል። አንድ ሁለት ቀን አናፍሰው ጥቂት በጥቂት ያስለምዷቸው። ለትንንሽ ጥጆች አይስጡ። በውኃ የተሟሟውን ዩሪያ ደግሞ ላሞቹ አጠገብ እንዳያስቀምጡት፤ ከጠጡት ይገድላቸዋል።

አንድ ነገር አደራ። ወተት እንዲጨምር ብለው እህል ድንገት እንዳያበዙ። ልጅ ሳለሁ የእናቴ ላም ሌሊት ገመዷን በጥሳ ገብስ ጆንያ ላይ አደረች። በማግስቱ ማመስኳት አቆመች። በሁለተኛው ቀን ሞተች። እናቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ነበር። ስታርቹ ቶሎ ቦክቶ አሲዱ በዝቶ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ተምሬ ነው። ጭድ የሚፈቱት ባክቴሪያዎች አሲድ ሲበረታባቸው ሥራ ያቆማሉ። ላም ጭድ ስታመነዥክ ምራቋ ይበዛል፤ ምራቋ ውስጥ ያለው ሶዳ አሲዱን ያበርደዋል። ስለዚህ ጭዱን አይቀንሱባቸው።

ማታ በረት ሲገቡ ጥቂት ቆም ብለው ይዩአቸው። ሦስቱም ተኝተው አንዷም የማታመሰኳ ከሆነ እህሉን ያቁሙና ሳይውሉ ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።