የአስቤዛ ነገር፦ ከአንባቢያን ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፉት ሳምንታት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ የአስቤዛ ወጪ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ። አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው አንድን ዕቃ ርካሽ ወይም ውድ የምለው ሱቅ ላይ በተከፈለበት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ከተገዛው ውስጥ በእርግጥ ተበልቶ ባለቀው መጠን አስልቼ መሆኑን ነው።

«ባለቤቴ ምንጊዜም ትልቁን ማሸጊያ ይገዛል፤ ብዙ ሲገዛ ይረክሳል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እየገዙ በልክ መጠቀም ይሻላል እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል?»

ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ፤ ክርክሩ ግን በግምት ከሚካሄድ በሒሳብ ቢደገፍ ቶሎ ይቋጫል። ሒሳቡ ዋጋውን ማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ክብደት ወይም ይዘት ማካፈል ብቻ ነው። ለምሳሌ የ400 ግራሙ ዋጋ 100፣ የ1 ኪሎው ደግሞ 260 ቢሆን፣ ትንሹ በኪሎ 250 ስለሚመጣ ትልቁ በ4 በመቶ ተወዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ያጋጥማል፤ ምክንያቱም ገዢው ትልቁ ማሸጊያ ርካሽ መሆኑን ሳያሰላ እንደሚያምን ሻጭ ያውቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ሻጮች ከመሸጫው ዋጋ ጎን የአንዱን ኪሎ ወይም የአንዱን ሊትር ዋጋ እንዲያሳዩ ያስገደደው ይህን ማወዳደር ለገዢ ለማቅለል ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሌለበት ሱቅ ስልክዎ ላይ ያለው የሒሳብ ማሽን ይበቃል።

ዘይት ሲገዙ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዱ ጠርሙስ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ሊጻፍበት ይችላል፤ ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። ዘይት ከውኃ ስለሚቀል 1 ሊትሩ የሚመዝነው 920 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ «1 ኪሎ» የሚለው ጠርሙስ «1 ሊትር» ከሚለው በ8 ወይም በ9 በመቶ ያህል የሚበልጥ ዘይት ይይዛል፤ ዋጋቸው እኩል ከሆነ የትኛውን ማንሣት እንዳለብዎ ግልጽ ነው።

የባለቤትዎ መከራከሪያ የሚሸነፈው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ትልቁን ማሸጊያ በ10 በመቶ ቅናሽ ገዝታችሁ አንድ አምስተኛው ተበላሽቶ ቢጣል፣ የበላችሁት እያንዳንዱ ኪሎ ከመደበኛው ዋጋ በ12 ከግማሽ በመቶ በልጦ ነው የመጣላችሁ። ጨው፣ ስኳር፣ ነጭ ሩዝና ደረቅ ጥራጥሬ እርጥበትና ነቀዝ ካልደረሰባቸው ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ በብዛት ቢገዙ አያሳስቡም። የተፈጨ ቅመም ግን በየሳምንቱ ሽታው እየቀነሰ ይሄዳል፤ የተከፈተ ዘይትም ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይቆመጥጣል። ካልተነፋ ስንዴ የተፈጨ ዱቄት የእህሉ ፅንስ ቅባት አብሮት ስላለ ከነጩ ዱቄት ቀድሞ ይበላሻል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በቅናሽ ተማርኬ የገዛሁት ዱቄት ግማሹ ሳያልቅ መርሮ፣ ለሳምንት ያህል ምሬቱ የዳቦው ይሁን የእኔ ሳልለይ ሰንብቻለሁ።

እርስዎ «በልክ መጠቀም» ያሉትም ተራ ነገር አይደለም። ዕቃ በዛ ብሎ ሲታይ እጅ ይፈታል። ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት የሚንቆረቆር ዘይትና በማንኪያ ተለክቶ የሚገባ ዘይት በወር መጨረሻ አንድ ዓይነት ሒሳብ አያመጡም። እንግዲህ ሒሳቡ ካዋጣ ትልቁን ይግዛ፤ እርስዎ ደግሞ ለሳምንት የሚበቃውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው ምድጃው አጠገብ ያኑሩ፣ ጀሪካኑንም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት።

«የገዛሁትን ሁሉ በደብተር እመዘግባለሁ፤ ደረሰኝም አልጥልም። ሆኖም ስድስት ወር ሙሉ ወጪዬ ፈቀቅ አላለም። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

የመዘገቡት የገባውን እንጂ የወጣውን አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ዙሪያ በችርቻሮ ሱቆች፣ በምግብ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶች 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም 60 በመቶው የባከነው በየመኖሪያ ቤቱ ነው። በመኖሪያ ቤት የባከነው ብቻ ለአንድ ሰው ሲካፈል በዓመት 79 ኪሎ ያህል ይደርሳል። አሃዙ ልጣጭና አጥንትን የመሰለ የማይበላ ክፍልንም ስለሚጨምር ሁሉም በጥፋት የሚቆጠር አይደለም፤ ቢሆንም ደብተርዎ የማያሳይዎ ገንዘብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉና የሚጣለውን ሁሉ ከነምክንያቱ ይጻፉበት። «ሩዝ፣ አንድ ሰሃን፣ ብዙ ስለ ተቀቀለ»፤ «ሰላጣ፣ አንድ እስር፣ ከወተቱ ጀርባ ተረስቶ ቢጫ ሆነ»፤ «ዳቦ፣ ግማሽ፣ የቀድሞው ሳያልቅ አዲስ ስለ ተገዛ»። ትልቁን ቁም ነገር የሚነግርዎ ምክንያቱ ነው፤ የሩዙ ጥፋት መለኪያ ስኒ በመያዝ፣ የሰላጣው ዕቃውን ፊት ለፊት በማስቀመጥ፣ የዳቦው ደግሞ ከመግዛት በፊት ቤት ያለውን በማየት ይታረማል፤ አንድ መፍትሔ ለሦስቱም አይሠራም። ወረቀቱን ቤተሰቡ ሁሉ እንዲጽፍበት ያድርጉ፤ ጥፋተኛ መፈለጊያ ከሆነ ግን በሦስተኛው ቀን መጻፍ ይቆማል፣ መጣል ግን ይቀጥላል።

«ሲርበኝ ገበያ ከሄድኩ ብዙ እንደምገዛ ይነግሩኛል። እውነት ነው?»

አዎ፤ የራበው ሰው በዓይኑ ይገዛል። በልተው ይሂዱ፤ የሚገዛውንም ዝርዝር ቤትዎ ሆነው ጓዳውን እያዩ ይጻፉ።

«የምገዛው አትክልት ሳምንት አይሞላም። ሽንኩርቱ ይበቅላል፣ ድንቹ ይለሰልሳል፣ ቅጠላ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ሁሉንም ማቀዝቀዣ ውስጥ ላስገባው?»

ሁሉንም አይደለም። ድንችና ሽንኩርት የሚስማማቸው ጨለማ፣ ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቅርጫት ማኖር ግን አይመከርም፤ ድንቹ የሚያወጣው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበላሸዋልና። ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ቀለም በራሱ ጉዳት ባይኖረውም ሶላኒን የሚባለው መርዛማ ነገር አብሮ መጨመሩን ስለሚጠቁም ያንን ክፍልና ቡቃያውን በደንብ ቆርጦ መጣል፣ የመረረውንም አለመብላት ያስፈልጋል።

የበሰለ ሙዝ፣ ፖምና ቲማቲም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ጎረቤቶቻቸውን ያበስላል፤ ቅጠላ ቅጠልን ደግሞ ቢጫ ያደርጋል። እንግዲህ ሰላጣዎን የሚያጠወልገው አብሮት የተቀመጠው ፖም ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ሳያጥቡ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጠቅልለው፣ ከፍራፍሬው ለይተው በማቀዝቀዣው የታችኛው መሳቢያ ያኑሩት። ከታጠበ ደግሞ ውኃው በሚገባ ይንጠፍጠፍ፤ ቅጠል የሚበሰብሰው ላዩ ላይ በቀረ እርጥበት ነው። ገና ጥሬ የሆነ ቲማቲምም ካለዎ በጎኑ አንድ የበሰለ ሙዝ ያስቀምጡለት፤ ያው ጋዝ እዚህ ላይ አገልጋይዎ ይሆናል።

«ቀኑ ሊያልፍ የተቃረበ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አያለሁ። ልግዛው ወይስ ልተወው?»

መጀመሪያ የትኛው ቀን እንደሆነ ያንብቡ። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙበት ይመረጣል» የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ጥራት ነው፤ በደረቅ ብስኩት፣ በፓስታ ወይም በታሸገ ቲማቲም ላይ ያ ቀን ቢያልፍ ጣዕሙ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ማሸጊያው ደኅና እስከሆነና በአግባቡ እስከተቀመጠ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አደጋ የለውም። «እስከዚህ ቀን ብቻ ይጠቀሙ» የሚለው ግን በሥጋ፣ በዓሣና በመሳሰሉት ቶሎ ተበላሽ ምግቦች ላይ የሚጻፍ የደኅንነት ገደብ ነው፤ መልኩና ሽታው ደኅና ቢመስልም አይለፉት። እንዲህ ያለውን በግማሽ ዋጋ የሚገዙት ዛሬውኑ አብስለው የሚበሉት ወይም ቀኑ ሳያልፍ በረዶ ቤት የሚያስገቡት ከሆነ ብቻ ነው። ያበጠ ጣሳ ደግሞ በነፃም ቢሰጥዎ አይቀበሉ።

«የታሸገ ቦሎቄ ጊዜ ይቆጥብልኛል፤ ደረቁ ግን ይረክሳል ይላሉ። ማገዶው ሲታሰብ ልዩነት አለው?»

በአብዛኛው አለው፤ ነገር ግን በአሠራርዎ ይወሰናል። 400 ግራም የሚል ጣሳ ውስጥ ፈሳሹ ሲንጠፈጠፍ የሚቀረው ቦሎቄ 240 ግራም ገደማ ነው። ደረቅ ቦሎቄ ተዘፍዝፎ ሲቀቀል ክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚሆን፣ ያንን ጣሳ የሚተካው 100 ግራም የማይሞላ ደረቅ ቦሎቄ ነው። የሁለቱን ዋጋ በዚህ ልክ ያወዳድሩ እንጂ ኪሎን ከኪሎ አያስተያዩ።

የማገዶውን ወጪ የሚቀንሰው ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደንና እንፋሎት በሚያፍነው ድስት መቀቀል ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አንድ ጊዜ ብዙ ቀቅሎ ለአንድ ለአንድ ምግብ በሚበቃ መጠን ከፋፍሎ በረዶ ቤት ማስቀመጥ ነው፤ አሁን የራስዎ «የታሸገ ቦሎቄ» አለዎት። ቀይ ቦሎቄ ላይ ግን ቁጠባ የማይገባበት አንድ ነገር አለ፤ ጥሬው ወይም በደንብ ያልበሰለው ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ነገር ስላለበት፣ ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ ውኃው ከተደፋ በኋላ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። በለብታ እሳት ብቻ ቀኑን ሙሉ ማቆየት ይህን አይተካም።

«ምራቴ ያደረ ምግብ አትበላም፤ እኔ ደግሞ መድፋት ይከብደኛል። በዚህ የተነሣ ቅሬታ እየተፈጠረ ነው።»

እናቴ፣ ምራትዎ የምትፈራው ነገር መሠረት አለው፤ የእርስዎም ሐዘኔታ ተገቢ ነው፤ ልዩነቱን የሚያስታርቀው ምግቡ ያደረው የት ነው የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት እንዳይቆይ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ይመክራል። ምድጃ ላይ ተከድኖ ያደረ ድስት በዚህ ልኬት አያልፍም፤ በተለይ ሩዝ በመቀቀል የማይሞት ተሕዋስ ስለሚኖርበት፣ ተሕዋሱም ያመረተው መርዝ እንደገና ቢሞቅ ስለማይጠፋ፣ ምራትዎ እምቢ ብትል አልፈርድባትም። ምግቡ ተበልቶ እንዳበቃ የተረፈውን በዝርግ ዕቃ አሳስተው ያብርዱትና ያስገቡት፤ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥም የሚበላውን ያህል ብቻ እያወጡ፣ እንፋሎቱ እስኪትጎለጎል አሙቀው ያቅርቡት።

«የልጄ የዱቄት ወተት ተወደደብኝ። ውኃ ጨምሬ ባቀጥነው፣ ትንሽ ባቆየውስ?»

አይሆንም፤ ይህን በጥብቅ እላለሁ። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ልክ በላይ ውኃ ሲጨመር ሕፃኑ ሆዱ ሞልቶ ይራባል፤ ከዚህም አልፎ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ተዛብቶ ለሰውነት መንቀጥቀጥ ሊዳረግ ይችላል። ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ያለ የጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ጡት ማጥባት እንደገና መጀመር ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ። ገንዘቡን ከሌላ ከማንኛውም የአስቤዛ ወጪ ይቀንሱ።

«ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ በርካሽ አገኘሁ። ብቆላው ሻጋታው ይጠፋል?»

ሻጋታው ሊሞት ይችላል፤ ሻጋታው ያመረተው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ግን በቤት ውስጥ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በጊዜ ብዛትም የጉበት ካንሰር ያስከትላል። አይግዙት።

«ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ጆንያ ሩዝ በጋራ ገዝተን ለመካፈል አስበናል። ምን እንጠንቀቅ?»

ሐሳቡ መልካም ነው፤ የጅምላው ዋጋ ለእናንተ ይደርሳል፣ የብዛቱ ችግር ግን ለሦስት ይከፈላል። ገንዘቡን ከመግዛታችሁ በፊት አዋጡ፤ ከተገዛ በኋላ የሚሰበሰብ ሒሳብ ጉርብትና ያደፈርሳል። ክፍፍሉን ሦስታችሁም ባላችሁበት በሚዛን አድርጉት፤ በጣሳ የሚለካ ከሆነም በአንዱ ጣሳ ሁሉም ይለካ። ጆንያውን ስትፈቱ ትንሽ ሩዝ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ነቀዝ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ያልታየ ዕንቁላል ሊኖር ስለሚችልም በረዶ ቤት ያለው ሰው ድርሻውን በየተራ እያሸገ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለአራት ቀን ያህል ቢያቆየው ይሞታል። ሲወጣ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቁ፤ አለበለዚያ ሩዙ ላይ ጤዛ ይቋጥርበታል። ከዚያ ወደ ደረቅ፣ አፉ በደንብ ወደሚገጥም ዕቃ ገልብጡት፤ ከአሮጌው የተረፈ ካለ ግን አዲሱን በላዩ አትጨምሩበት፣ አሮጌው ይቅደም።