መሸፈኛ የሚለጥፍ ሐኪም

ሕክምና የምትማሩ ልጆቼ፣

ክረምት በገባ ቁጥር ደሴ ቤቴ ድረስ እየመጣችሁ «ዓይን ልማር ወይስ ሌላ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ቡና ላይ የምጀምርላችሁ መልስ አንድም ቀን አልቆ አያውቅም፤ ወይ ጎረቤት ይገባል፣ ወይ ስልክ ይጮኻል። ዛሬ ቁጭ ብዬ በጽሑፍ ልጨርሰው።

በዝና እንጀምር። ብትክዱም በልባችሁ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ነበረኝ። ልጅ ሆኜ የማውቃቸው የዓይን ሐኪሞች የዓይን ሞራ የሚያነሡ ነበሩ። ከደሴ ብዙም ወደማይርቀው ቦሩ ሜዳ በበትር እየተመሩ የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ ከቀናት በኋላ ያንኑ በትር ትከሻቸው ላይ አጋድመው ብቻቸውን ሲመለሱ አይቻለሁ። የሞራ ቀዶ ሕክምና እንዲህ ነው። ሐኪሙ በማግስቱ መሸፈኛውን ያነሣል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ምርቃቱ ይዘንባል። እኔ የገባሁበት ሙያ፣ የተንሸዋረረ ዓይን ማቃናት፣ የዚህ ግልባጭ ነው። እኛ መሸፈኛ እንለጥፋለን፤ የምንለጥፈውም በሚያየው ዓይን ላይ ነው። እልልታ የለም፤ ያለው የሕፃን ለቅሶ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እያንዳንዱ ዓይን በስድስት ጡንቻዎች ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ነገር ላይ አብረው እንዲያርፉ አሥራ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ስምምነቱ ሲፈርስ አንደኛው ዓይን ወደ አፍንጫ ወይም ወደ ጆሮ ግንድ፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ሰው ላይ በድንገት ከደረሰ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታየዋል። (እንዲህ ብሎ የመጣ ሰው ካጋጠማችሁ ስኳሩን፣ ደም ግፊቱንና ነርቮቹን ሳትመረምሩ ወደ ጡንቻው አትሂዱ።) ሕፃን ግን ሁለት አይታየውም። አንጎሉ ከተንሸዋረረው ዓይን የሚመጣለትን ምስል ችላ ይለዋል፤ ችላ የተባለው ዓይንም ማየት ሳይማር ያድጋል። ሰነፍ ዓይን እንለዋለን። ስሙን አልወደውም፤ ሥራ የተነፈገን ሰው ሰነፍ ብሎ መስደብ ነው።

የአንጎል ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሂዩቤልና ቶርስተን ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱ ይህንኑ ያሳየው ጥናት ነው። የድመት ግልገል አንድ ዓይኗ ለተወሰነ ጊዜ ተሰፍቶ ከቆየ በኋላ ሲከፈት አታይበትም፤ ባደገች ድመት ላይ ያው ቢደረግ ዓይኗ ያያል። ሰውም እንዲሁ የልጅነት ጊዜ አለው። እስከ ሰባት፣ ስምንት ዓመት ድረስ የሚያየውን ዓይን ሸፍኖ ችላ የተባለውን ማስተማር ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ እየከበደ ይሄዳል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን የሰፈር ምክር የምጠላው ለዚህ ነው። አራስ ልጅ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ቢል አያስደነግጥም፤ ከአራተኛ ወሩ በኋላም ከቀጠለ ግን መታየት አለበት።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። አንዲት እናት እስክታስተምረኝ ድረስ ግን ያወቅሁት አይባልም።

ሙያውን በጀመርሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአቀስታ ወዲያ ካለ ቀበሌ የአራት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ግራ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ገብቷል። የሰፈር ልጆች «ሸውሬ» ይሉታል፤ አያቱ የሰው ዓይን ነው ብላ ክታብ አስራለታለች። ሠራሁለት፤ አማረ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ሲያየኝ እኔ ራሴ በልቤ እልል አልሁ። ሲሸኙም የቀኝ ዓይኑን በቀን ለዚህን ያህል ሰዓት ሸፍኝለት ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍሁላት፤ መሸፈኛውንም ሰጠኋት። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው። ኮሪደሩ በወረፋ ተጨናንቋል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ማንበብ ትችል እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ከሰባት ዓመት በኋላ እንቁላል በገለባ አሽጋ በቅርጫት ይዛልኝ መጣች። ልጁ አድጎ ከበሩ ራስ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ዶክተር። ሸውሬ የሚለው ጠፋ» አለችኝ። ደስ እያለኝ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ሸፍኜ ጣቶቼን እንዲቆጥር ጠየቅሁት። ከአንድ ሜትር ላይ መቁጠር አልቻለም።

እናቱ ግራ ገባት። «ቀንቶ የለም እንዴ?» አለች። ከዚያም እንደ ዋዛ ነገረችኝ። መሸፈኛውን ሁለት ቀን ለጥፋለት ነበር። በሁለተኛው ቀን ልጁ ሲደናበር ምድጃው ላይ ሊወድቅ ሆነ፤ ነቅላ ጣለችው። «የሚያየውን ደፍኜ በማያየው ልነዳው ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርሷ ያሰበችው ማንኛዋም አስተዋይ እናት የምታስበውን ነው። የቀናውን ዓይን አይታ ሥራው ያለቀ መሰላት፤ አላለቀም ብሎ ማስረዳት የእኔ ፈንታ ነበር። እንቁላሉን ተቀበልሁ፤ አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ እውነቱን ነገርኋት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የከበደ ቀዶ ሕክምና የለኝም።

ወደ ምላጩ ልምጣ፤ ሁላችሁም የምትወዱት እርሱን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1839 በርሊን ውስጥ ዮሐን ዲፈንባክ የተባለ ሐኪም የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ወደ ውስጥ የሚስበውን ጡንቻ ቆርጦ አቃና። ኤተር ለማደንዘዣ የዋለው ከዚያ በኋላ መሆኑን አስቡ። ወሬው አውሮፓን አዳረሰ፤ ብዙ ሐኪም ምላጩን አነሣ። በየቦታው ጡንቻቸው እንዲሁ ከተቆረጠላቸው ሰዎች የብዙዎቹ ዓይን ግን ዞሮ ወደ ውጭ ኮበለለ። እኛ ዛሬ ቆርጠን አንተውም። ጡንቻውን ከተተከለበት አንሥተን፣ ለክተን፣ ወደ ኋላ መልሰን እንሰፋዋለን፤ ወይም አሳጥረን እናጠብቀዋለን።

ቁም ነገሩ «ለክተን» የሚለው ላይ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ዓይን መዛነፉ በፕሪዝም (ብርሃን በሚያጥፍ መስታወት) ሲለካ 30 ቢሆን በሁለቱም ዓይን የውስጠኛውን ጡንቻ 4.5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ እንመልሳለን፤ 35 ቢሆን 5 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች ነገር። ይህችን ለማግኘት ከማይቀመጥ፣ ከሚያለቅስ፣ አሻንጉሊቱን ከሚወረውር የሦስት ዓመት ልጅ ጋር አንድ ጊዜ ከ6 ሜትር፣ አንድ ጊዜ ከ33 ሳንቲ ሜትር፣ ነገ ደግሞ እንደገና ትለካላችሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሙያ ቢተወው ይሻለዋል። በክፋት አይደለም የምለው፤ ለችኩል ሰው የሚሆን ብዙ የተከበረ ሕክምና አለ።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሱ። መርፌያችሁ የሚያልፍበት የዓይኑ ነጭ ግድግዳ ጡንቻው ከተተከለበት ወዲያ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጡንቻውን በመንጠቆ ስትስቡም የሕፃኑ የልብ ምት በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። የማደንዘዣ ባለሙያው «ልቀቅ!» ካለ ያኔውኑ ልቀቁ። ዶክተር ነኝ ብሎ መኩራት እዚያ ቦታ ላይ የለም።

ሁሉ ሸውራራ ዓይን ግን የምላጭ አይደለም። ቅርብ ለማየት የሚቸገር ሕፃን አጥርቶ ለማየት ሲታገል ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ትክክለኛውን መነጽር ስታደርጉለት ይቀናል፣ ስታወልቁለት ይመለሳል። ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ መነጽር መለካት የማይችል ሐኪም ይህን ልጅ ቀዶ ጥፋት ይሠራል። ስለዚህ ከኦፕቶሜትሪስቱ፣ መነጽር ከሚለካው ባለሙያ፣ አጠገብ ወራት ተቀመጡ፤ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» የሚል ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስትነት የሚማር ሐኪም፣ አልወድም። ሌላው ደግሞ የአፍንጫው ግንድ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ሸውራራ የሚመስል ልጅ ነው። ባትሪ አብሩበት፤ ብርሃኑ በሁለቱም ብሌን ላይ እኩል ቦታ ካረፈ ልጁ ምንም የለበትም፣ እናቱን «አብሽሪ» ብላችሁ ሸኟት። በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን ለዚያ ቀን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እርሱን ተከታተሉ፤ የሬቲና (ምስል የሚያርፍበት የዓይን የውስጥ ሽፋን) ካንሰር በመንሸዋረር ሊጀምር ይችላል።

የትምህርቱ ርዝመት የምታውቁት ነው፤ ከሕክምናው በኋላ የዓይን ስፔሻሊስትነት፣ ከዚያም በላይ የሕፃናት ዓይን። ገንዘቡንም አልደብቅም። በዘመቻ ቀን የሞራ ሐኪም ብዙ ሰው ይሠራል፤ እናንተ በዚያ ጊዜ ጥቂት ልጆች ሠርታችሁ ትወጣላችሁ፣ ከእነርሱም እንደገና የሚሠራለት አይጠፋም። ጓደኞቻችሁ ቤት ሲሠሩ እናንተ ፕሪዝም ትገዛላችሁ። ባትቀኑ ጥሩ ነው፤ እኔ ቀንቻለሁ።

ቋንቋም ተማሩ። ወሎ ውስጥ ከከሚሴ የሚመጣው ኦሮምኛ፣ ከባቲ ገበያ ወዲያ የሚመጣው አፋርኛ ያወራል። «አትፍራ»ን በሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ሐኪም ልክ ሲወስድ ልጁ አይሸሸውም።

ትልልቅ ሰዎች ሲመጡ «ለውበት ነው» ብላችሁ አትናቁ። አንድ ወጣት መምህር «ተማሪ ስጠይቅ ሁለት ተማሪ ይነሣል» ብሎኛል። ስቄ ነበር፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ከአቀስታዋ እናት በኋላ ሁለት ነገር ቀየርሁ። መጀመሪያ መሸፈኛውን እዚያው ፊቴ አስለጥፌ ልጁን አንድ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ለቅሶውን እናቱ ከእኔ ጋር ሆና ትየው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ለብዙ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ለከፋው እስከ ስድስት ይደርሳል። ሰዓት በሌለበት ቤት «ሁለት ሰዓት» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ወሎ ውስጥ ግን ቡና የማይፈላበት ቤት የት አለ? «ቡናው ሲታጠብ ለጥፊ፣ በረካው ሲጠጣ አንሺ፤ እስከዚያ ምስር ያስለቅሙት» እላለሁ። ተቀምጦ የሚሠራ ልጅ ምድጃ ላይ አይወድቅም።

ባለፈው ወር ከኩታበር የመጡ አንዲት አያት «ይኸው ልጁ መሸፈኛውን ራሱ ይዞ ከጀበናው አጠገብ ይቀመጣል፤ እኔን ግን በቀን ሁለቴ እያስፈላ አከሰረኝ» ብለው ወቀሱኝ። ልጁን ሰሌዳው ፊት አቆምሁት። ጥሩው ዓይኑ ተሸፍኖ፣ በጣቱ አቅጣጫውን እያሳየ፣ ባለፈው ካቆመበት ሦስት መስመር ወረደ። አያቱ መሸፈኛ እንዳለቀባቸው ነገሩኝ፤ አንድ እሽግ ጨመርሁላቸው።