ዝውውር መቼ ልጠይቅ ላልሽኝ ልጅ

በቅርቡ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በግብርና የተመረቀች ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ገጠር ቀበሌ ተመደብኩ። ዝውውር ለመጠየቅ ስንት ጊዜ መቆየት አለብኝ?» ትላለች። ገና ሻንጣዋን እንኳን አልዘጋችም! መጀመሪያ አናደደችኝ። ቀጥሎ የራሴ የዝውውር ማመልከቻ ትዝ አለኝና ንዴቱ በረደልኝ።

ያኔ ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ፣ ከአጋሮ ወደ ውስጥ የሚገባ አንድ ትንሽ መንደር። ከላይ ዋንዛና ሰሳ፣ ከስር ቡና። ቤቶቹ ቡናው መሃል ስለተደበቁ ከሩቅ የሚታይሽ ጭሳቸው ብቻ ነው። ክረምት ላይ መኪና የሚባል አይገባም፤ በእግር ነው፣ ጭቃው ደግሞ ቦት ጫማሽን ይዞ ይቀራል። በለቀማ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይሆናል። አብሮኝ ቤት የተከራየ መምህር ነበር፣ ኅዳር ላይ ለወንበርና ለሦስት ልጆች ያስተምራል፤ ከሰዓት እሱም ተስፋ ቆርጦ ለቀማ ይሄዳል። ከደመወዙ የተሻለ አገኘሁ ብሎ ይምል ነበር፣ እኔ ግን አላመንኩትም።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ገደማ ነው። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወድቆ ገበሬው ግራ ገብቶታል። ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክልም ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት የተላክሁት «ያረጀ ቡናችሁን ጎንድሉ» እንድል ነው። ጉንደላ ማለት ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ ሳይጀምር፣ ያረጀውን ግንድ ከጉልበት በታች በመጋዝ መቁረጥ ነው። ሲቆረጥ ሰያፍ መሆን አለበት፣ አለዚያ ውሃ ይቋጥርና ጉቶው ይበሰብሳል። ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፣ ደህና ምርት ለማየት ግን ሦስት ዓመት ገደማ መጠበቅ ነው። እስቲ አስቢው፣ ገና ሃያ ምናምን ዓመቱ የሆነ ልጅ አያቱ የሚሆን ሰው ጓሮ ቆሞ «ይሄን ቁረጡት» ሲል።

የሄድኩባቸው ሽማግሌ የ1960ዎቹን ያውቃሉ። የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ሲገባ ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ ሲጠቁር አይተዋል። ከታችኛው ማሳቸው በኩል 74110 የሚባለውን የቡና ዝርያ ተክለዋል። በሽታውን እንዲቋቋም ጅማ አጠገብ መልኮ ምርምር ማዕከል የተመረጠው ማለት ነው፤ 74ቱ በፈረንጅ 1974 የተሰበሰበበት ዓመት ነው። እሳቸው ግን «የቁጥሩ ቡና» ነው የሚሉት። ከላይ ያለው የአባታቸው ነው፣ ያረጀ፣ ቁመቱ መሰላል የሚያስፈልገው፣ ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ የቀረ።

እኔ ስለ ኪሳራው ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ሒሳብ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ደብተሬን ሳልከፍት እሳቸው ጨረሱልኝ። «አሁን ዋጋ የለውም። ቢያፈራስ ለማን እሸጠዋለሁ? አሁን ይረፍ፣ ዋጋው ሲነሳ ጎረምሳ ሆኖ ይጠብቀኝ» አሉ። አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ አጥርቶ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም። ግን ሁሉንም አልቆረጡም፣ ከሦስት አንዱን እጅ ብቻ። ይሄንንም ማንም አልነገራቸውም።

መጋዙን የያዘው ልጃቸው ነው። እሳቸው የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ ፊታቸውን አዙረው ስለ ንብ ቀፎ ያወሩኝ ጀመር። ከዚያ መሃል ላይ አቋርጠው «ሲያፈራ አንተም አብረኸን ትለቅማለህ አይደል?» አሉኝ። «ኢንሻአላህ» አልኩ። ማመልከቻዬ ወረዳ ከገባ ወር አልፎታል።

ዝናቡ ሲመጣ ከእያንዳንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ፈላ። ሁለት ወይ ሦስት ጠንካራ ብቻ ይተዋል፣ ሌላው ይነቀላል፤ ካልሆነ ጥሻ ይሆናል። አብረን ጀመርን። እሳቸው ቀንበጡን በአውራ ጣታቸው ጫን ይሉታል፣ ከሥሩ የሚወዛወዘውን ይገነጥላሉ። ማኑዋሉ ላይ ያለው «ጤናማና በተስማሚ አቅጣጫ የበቀለ» የሚል ብቻ ነበር። ማሳው ሳይጋመስ የዝውውር ደብዳቤዬ ደረሰ። ጠዋት ተሰናበትኳቸው። አልተቀየሙኝም፣ ወይም አላሳዩኝም። በእኔ ቦታ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሰው አልተመደበም።

እንዳፈራላቸው ከዓመታት በኋላ ከአንድ ነጋዴ ሰማሁ፤ እሸቱን ለሳይት፣ ማለትም ለቡና ማጠቢያው ጣቢያ፣ ሸጠውታል። ከዚያ ወዲህ በሥራ ወደ በደሌ ስሄድ በአጋሮ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እንጃ። አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልታጠፍኩም። ምን ብዬ? አሁን በሕይወት የሉም።

እና ቆዪ ልልሽ ነው? አዎ፣ የጎነደልሽው እስኪያፈራ ቆዪ። ይሄን ካልኩ በኋላ ደግሞ ልጆቼ ጅማ ከተማ ጥሩ ትምህርት ቤት የገቡት በዚያ ዝውውር ነው፣ ያ ደብዳቤ ዛሬ ቢመጣ ነገም እፈርማለሁ። ስለዚህ እኔን ብዙ አትስሚኝ።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ታናድዱኛላችሁ፤ ማሳ ላይ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ለሪፖርቱ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ። ሪፖርታችሁ ግን ከእኛ በጣም ይሻላል፣ እሱን አልክድም። እኛ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለን ነበር የምንጨርሰው።

ስንት ጊዜ ለሚለው ደንቡን ወረዳው ይነግርሻል። ስለ ማደሪያው እዚያ የሠሩ ሴቶችን ጠይቂ፣ እኔ በወንድ ዓይን ያየሁትን ብነግርሽ አይጠቅምሽም። ብትችይ ግን ጥቅምት ሳይገባ ድረሺ። ለቀማ ከተጀመረ ቁጭ ብሎ የሚያወራሽ ሰው አታገኚም፣ ሁሉም ወይ ዛፍ ስር ነው ወይ እሸቱ ሳያድር ሳይት ለማድረስ አህያ እየነዳ ነው። የከተማ ኦሮምኛሽን ሲሰሙ ልጆቹ ይስቁብሻል። ይሳቁ፣ ከእነሱ ጋር ነው መጀመሪያ የምትግባቢው።