ስቴት ብትቀይሩም ይርጋው መቁጠሩን አያቆምም

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ላይ ጉዳት ደርሶባችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁን ስታሳክሙ ጉዳት አይታችሁ፣ ብዙም ሳይቆይ በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ስቴት ለሄዳችሁ ነው። «መጀመሪያ ልደላደል፣ ጠበቃውን ኋላ እፈልጋለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው መብቱን ያጣበት ነው፤ ይርጋው፣ ማለትም ለመክሰስ በሕግ የተወሰነው ጊዜ፣ ያልፍበታልና።

ቨርጂኒያ ታክማችሁ ሲያትል ገባችሁ እንበል። ክሱ በአብዛኛው የሚቀርበው ሕክምናው በተሰጠበት ስቴት፣ በዚያው ስቴት ሕግ ነው። ሲያትል ያለ ዘመድ «3 ዓመት አላችሁ» ቢላችሁ ስለ ራሱ ስቴት ተናግሮ ነው። የቨርጂኒያ ይርጋ በመደበኛው 2 ዓመት ሲሆን የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን እንጂ እናንተ ካወቃችሁበት አይደለም። ሆድ ውስጥ እንደተረሳ ዕቃ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱን ተማምናችሁ ግን አትቀመጡ። ሜሪላንድ ከጉዳቱ 5 ዓመት ወይም ጉዳቱ ከታወቀ 3 ዓመት፣ ቀድሞ የሚያልቀውን ይይዛል። ዋሽንግተን ዲሲ 3 ዓመት ቢሰጥም ክስ ከመመሥረቱ 90 ቀን በፊት ለሐኪሙ ማስታወቂያ እንዲደርሰው ያዛል። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አርሊንግተን የሚኖር ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ከታከመ፣ ሕጉ ተለወጠ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያው ጉዳይ ነው፤ ወገኖቻችን በብዛት የሚታከሙት እዚያ ነውና። በፌዴራል ገንዘብ ከሚደገፉት ጣቢያዎች የብዙዎቹ ሐኪሞች በሕግ እንደ ፌዴራል ሠራተኛ ይቆጠራሉ። ያኔ በቀጥታ መክሰስ አይቻልም። አስቀድሞ «ስታንዳርድ ፎርም 95» የተባለው ቅጽ፣ የምትጠይቁት ካሳ በቁጥር ተጽፎበት፣ በ2 ዓመት ውስጥ ለፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። ፖስታ ቤት ማስገባት አይበቃም፤ የሚቆጠረው የደረሰበት ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ እምቢ ካለ ለመክሰስ ያላችሁ 6 ወር ብቻ ነው። የስቴቱ ይርጋ 5 ዓመት ቢሆን እንኳ እዚህ አያድናችሁም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ «ይህ ክሊኒክ የማን ነው?» ብላችሁ አጣሩ።

ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ሜዲካል ሪከርዱን በጽሑፍ ጠይቁ። ተቋሙ 30 ቀን አለው፣ አንድ ጊዜም ሌላ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል። በስልክ መተግበሪያ የምታዩት ማጠቃለያ ነው፤ ሙሉውን መዝገብ በሉ፦ የኦፕሬሽን ሪፖርት፣ የነርሶች ማስታወሻ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሲቲ ስካን ምስሉን ራሱን። ሰመመን ሰጪውና ምስል አንባቢው ብዙ ጊዜ የሌላ ድርጅት ሠራተኞች ስለሆኑ የሂሳብ ደረሰኞቹን አይታችሁ ለየብቻ ጻፉላቸው። ለእናታችሁ ከሆነ የእሷ ፊርማ ያለበት ፈቃድ ያስፈልጋል። አስተርጓሚ ባልነበረበት ቀን ማን እንዳስረዳት፣ ምን እንደተባለች አሁኑኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ጠበቃው ሕክምናው በተሰጠበት ስቴት ፈቃድ ያለው ይሁን። አብዛኞቹ ቅድሚያ አያስከፍሉም፤ ካሳ ሲገኝ ከሲሶ እስከ 40 በመቶ ይወስዳሉ። የባለሙያ ምስክር ወጪ ግን ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ክሱን ብትሸነፉ ያን ማን እንደሚከፍል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ጠበቃ ጉዳዩን አልይዝም ካለ ብዙ ጊዜ ወጪው ከካሳው ስለሚበልጥበት ነው እንጂ ጥፋት የለም ማለቱ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ፈልጉ። ለስቴቱ የሐኪሞች ቦርድ አቤት ማለትም ይርጋውን አያቆመውም።

በአዲሱ ስቴት ሕክምናችሁን አታቋርጡ። ብታቋርጡ ተከሳሹ «የባሰበት በራሱ ጥፋት ነው» ይላል። ኦፕሬሽን ከመደረጉ በፊት የፈረማችሁት ፈቃድም አያስፈራችሁ፤ የሚሸፍነው የሚታወቀውን አደጋ እንጂ ቸልተኝነትን አይደለም። ሐኪም ቤቱ «ቀሪውን ሂሳብ እንሰርዝላችሁ» ብሎ አንድ ገጽ ቢልክላችሁ ግን ጠበቃ ሳያነበው አትፈርሙ፤ ከታች በኩል ወደፊት ላለመክሰስ መስማማታችሁ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።