ስንት ጨረስክ?

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ለልምምድ ቢሯችን የመጣች ተማሪ «ጋሼ፣ ሥራዬን እንድወደው ምን ላድርግ?» አለችኝ። ሻይዬን ይዤ ዝም አልኩ። ሽሯል ያልኩትን ቁስል ነካችብኝ።

ካርታ በእጅ በሚሳልበት ዘመን ነው። እኔ ሥር አንድ ልጅ ተመደበ። ቀያሾች ከመስክ ካመጡት ልኬት ተነስቶ የኮንቱር መስመሮችን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን) በራፒዶግራፍ፣ በቀለም መሳያ ብዕር፣ ያወጣል። አራቱን በቀጭን ብዕር፣ አምስተኛውን በወፍራም። የእጁ ላብ ወረቀቱን እንዳያበላሽ መሐረብ ያነጥፋል። ቀለም ጠብ ካለበት በምላጭ ቀስ አድርጎ ይፍቃል። ምሳ ሰዓት መድረሱን ትከሻውን ካልነካሁት አያውቅም። አንድ ቀን «ይሄ ወንዝ እዚህ ጋ ለምን እንደታጠፈ ገባኝ» አለኝ። ረግጦት የማያውቀውን አገር በብዕሩ እየዞረው ነበር። ጉድለቱ ቀርፋፋነቱ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ አለቃ መሆኔ ነው። ሥራው እንዲፈጥን ብዬ በወረቀት ብዛት ማበረታቻ አስፈቀድኩለት። ማታ ማታ «ስንት ጨረስክ?» እለዋለሁ። ፈጠነ። ዓይኑ ግን ከመስመሩ ተነስቶ ግድግዳው ሰዓት ላይ ሰፈረ። ኮንቱሮቹ እርስ በርስ ይቋረጡ ጀመር። አንድ ቦታ ሁለት ከፍታ ሊኖረው! በጀት አልቆ ማበረታቻው ሲቀር ብዕር ማንሳቱ ራሱ አስጠላው። ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ።

ጥፋቴ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስለታተመ ጥናት ሳነብ። መሳል የሚወዱ ሕፃናትን «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሽልማቱ በሌለበት፣ ቃል ካልተገባላቸው ልጆች በግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ሳሉ። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ምነው ድንገት ባመሰገንኩት!

ደመወዝ አትጠይቁ ማለቴ አይደለም፤ ፍቅር አስቤዛ አይገዛም። ግን እናንተ ገና ሳትጀምሩት «ፓሽኔ አይደለም» ትላላችሁ። በየደቂቃው ስልክ እየነካካችሁ የቱን ሥራ ቀመሳችሁት? እኔ ራሴ ኮንቱርን መጀመሪያ አልወደድኩትም፤ አቀርቅሬበት ስውል ነው የጣመኝ። ያ ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ነው የወደደው። እንግዲህ ሁሉም ሰው አንድ አይደለም መሰለኝ። (ይህን ስጽፍ እኔም ሦስት ጊዜ ቴሌግራም ከፍቻለሁ።)

ለተማሪዋ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ማታ ልወጣ ስል ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች። «ስንት ጨረስሽ?» አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«የቱ ጋ ነው ያስቸገረሽ?» አልኳት።

ወንበር ሳበችልኝ።